ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ልስን

ያን ቀን ጠዋት እንደ ወትሮዋ ነቃች። ፊቷን ታጠበች፤ እንቁላል ቀቅላ ቆማ በላች፤ ሻይዋን ከግማሽ ላይ ተወችው። ሲሞላ ያደረውን የካሜራ ባትሪ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩን ቆልፋ እጀታውን ሳበችው። ደረጃውን ወርዳ ከጨረሰች በኋላ ተመልሳ ወጣችና እንደገና ሳበችው። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ፊቱን አጥቁሯል።

ሥራዋ ያረጁ ሕንጻዎችን ማደስ ነው። አሁን የያዘችው አሮጌውን ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ። ከብዙ ዘመን በፊት «እናጠንክረው» ያሉ ሰዎች ውጩን በሲሚንቶ ለስነውት ሄዱ። ሲሚንቶው ጭቃውን አፈነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበትም መውጫ አጥቶ ውስጥ ውስጡን ቀረ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ለዓይን ግድግዳው ደህና ይመስላል። የሙቀት ካሜራው ግን የሰሜኑን ግድግዳ ከእግሩ እስከ መስኮቱ ሰማያዊ አድርጎ አሳያት። ሰማያዊ ማለት እርጥብ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ስንጥቅ የተለጠፈው የስፋት መለኪያም በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል።

«እትዬ፣ ዛሬም ሰማይ ሰማይ? አንገትሽ እንደተንጋደደ እንዳይቀር!» አላት የለሳኞቹ አለቃ። ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። ሠራተኞቹ ጭቃ ሹም ይሉታል፤ ሹመቱን ያጸደቀለት ግን የለም።

«ደመናው መጣብን እኮ።»

«ይምጣ። የውጩን ሲሚንቶ አራግፈናል። የውስጡንም ልስን ዛሬ ካነሳን ግድግዳው ከሁለት ወገን አየር ያገኛል። ካላነሳን ግን…»

የውስጡ ልስን እስካሁን ለምን እንዳልተነካ ሁለቱም ያውቃሉ። የለሰነው ባሏ ነበር። አንድ ክፍል ሲጨርስ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ አምስቱን ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች የመሳብ ልማድ ነበረው። እዚህም ስቧል። ከዚህ ክፍል በኋላ ሌላ ክፍል ሳይለስን ሞተ።

«ያቺን ቁራጭ ብቻ ቆርጠን ብናወጣትስ?» አለችው።

«ሞከርኳት። ጥጓን ነካ ሳደርጋት እንደ ዱቄት ረገፈች። እርጥበቱ በልቷታል።» ቀጥሎም «ፎቶ አንሻት» አላት።

«በፎቶ የመስኮቱ ብርሃን ይውጣታል፤ አትታይም። የግድግዳ ቅርጽ የሚያነሳው ስካነር ግን ጥልቀቱን ሳይቀር ይይዛል። ትናንት ክፍሉን በሙሉ አንስቼዋለሁ። በኋላ ቅርጹን በሸክላ ማስወጣት እንችላለን።»

«መያዙን አይተሻል?»

አላየችም። ኮምፒውተሩ ሲያሰላ አድሮ ገና መጨረሱ ነበር። እያየች ሳለ ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ግድግዳው መታየቱን ብቻ አይታ ኮምፒውተሩን ከደነችው።

«ይዞታል» አለች።

«እንግዲህ ልንካው?»

«ንካው።»

ዋርሳዋ የሚለስንበትን ካዞላ አስቀምጦ በእጁ ይፈለቅቅ ጀመር። እሷ ወጥታ ከመለኪያው ፊት ቆመች። ያነበበችውን ቁጥር መልሳ አነበበች፤ ዞር ብላ ደመናውን አየች፤ እንደገና አነበበች።

የተነሳ የጭቃ ልስን አይጣልም። ተነፍቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተነክሮ፣ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት ተመልሶ ለዚያው ግድግዳ ይሆናል። ሠራተኞቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሊረግጡት ሲገቡ ዋርሳዋ፣

«ቀስ ብላችሁ ርገጡት፤ ወንድሜ ነው» አለ።

አንዱ ሳቀ። ወዲያው አፉን ያዘ።

ደመናው ያን ቀን ሳያካፋ እንኳ አልፎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ግድግዳው ቁልጭ ብሎ መጣ፤ ስንጥቁ አለ፣ መስኮቱ አለ፣ የአሮጌው ምስማር ቀዳዳ እንኳ አለ። ወደ መስኮቱ ጥግ አስጠጋችው። እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። አዞረችው። ብርሃኑን ከጎን አደረገችበት። ልሙጥ ነው።

ያኔ ትዝ አላት። ትልልቅ ግድግዳዎች ፋይሉን ስለሚያከብዱባት፣ ጥቃቅኑን ሸካራ ሁሉ እንደ ስህተት ቆጥሮ እንዲያለሰልስ፣ ሲጨርስም ጥሬውን መረጃ እንዲያጠፋ ፕሮግራሙን ሁልጊዜ ታዘዋለች። ትናንትም እጇ በልማድ ያንኑ ነክቷል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ዋርሳዋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

«ወጣ?»

«ግድግዳው ወጥቷል» አለችው።

ፊቷን አይቶ ሁለተኛ አልጠየቃትም። ከበሩ ሲደርስ ግን ዞሮ፣ «ስንለስነው ከመስኮቱ አጠገብ አንቺ ጣትሽን ትስቢበታለሽ» አላት።

«አይሆንም። በመዳፍህ አለስልሰውና ተወው። ሌላ ነገር እንዳታደርግበት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ግድግዳው ቀስ እያለ ደረቀ። የተረገጠው ጭቃ ተመልሶ ተለሰነበት፤ ውጩም ሲሚንቶ የሌለበት ኖራና ጭቃ ለበሰ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ አንድ ቀንም አላቋረጠ። በየጠዋቱ በሩን ሁለት ጊዜ ስባ እየመጣች መለኪያውን ታያለች። አልጨመረም። በካሜራውም ግድግዳው ከእግር እስከ ራሱ አንድ ቀለም ሆኗል።

ባሏ ያቦካው አፈር እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ግን አምስቱ የጣት መስመሮች የሉም።