አምሮብሻል

«ከሳ ብለሻል። ለቅሶ ላይ አይባልም እንጂ አምሮብሻል» አለቻት ጸሐይ እጇን እየታጠበች፣ በለሆሳስ።

ትንቢት ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እናቷ ሙሉእመቤት ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዲላ ያሉ ጎረቤቶች፣ ከጪጩ የመጡ ዘመዶችም ድንኳኑን ሞልተውታል። ጸሐይ የእናቷ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ክፋት የላትም። ሙሉእመቤትንም መክሳት ስትጀምር ያለቻት ይህንኑ ነበር።

ሙሉእመቤት የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ወፍራምና ሳቂታ ሴት ነበረች። በውፍረቷ ሲቀልዱባት ከሁሉም ቀድማ የምትስቀው ራሷ ነበረች። ልጇን ግን ፎቶ በተነሱ ቁጥር «ሆድሽን ሳብ አድርጊ፤ እንደ እኔ መሳቂያ እንዳትሆኚ» ትላት ነበር። ትንቢት ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ በሙቀትም ቢሆን ሹራብ ሳትደርብ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

አምና እናቷ መክሳት ጀመረች። መሥሪያ ቤት ምን ጠጥታ እንደቀነሰች ጠየቋት፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ልጅ ሆንሽ አሏት። ቀሚሶቿን ሁሉ አስጠበበች። መስታወት ፊት ስትዞር ትንቢት ከበሩ ላይ ቆማ አየቻት፤ ቀናችባትም። ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ለጓደኞቿ እየሰጠች ባዶ ሆዷን ትውላለች። የሙሉእመቤትን ሕመም ግን ማንም አላወቀም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ዘግይታችኋል ተባሉ።

ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ልጇን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«ምግብ እንቢ ሲለኝ ደህና እንዳልሆንኩ አውቄ ነበር» አለቻት። «ግን በሕይወቴ አምሮብሻል ተብዬ አላውቅማ። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ የትንቢትን አንጓ ጨብጣ አጥንቱን ዳበሰችው። «አንቺስ?» አለቻት። ትንቢት እጇን አላስለቀቀችም።

ሰዉ ሳሳ ሲል ጸሐይ ቆጮና ጎመን በሳህን ይዛላት መጣች። ትንቢት አልራበኝም አለች። ጸሐይ ለመነቻት።

«እትዬ ጸሐይ፣ እማዬንም አምሮብሻል ብለዋት ነበር። ያኔ ታማ ነበር» አለች ትንቢት። ድምፅዋ ላይ ድካም እንጂ ቁጣ የለም። «እኔንም ሰሞኑን ያዞረኛል።»

ጸሐይ ሳህኑን እንደያዘች አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

አባቷ በፍቃዱ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ትንቢት ሳህኑን ከጸሐይ ተቀብላ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ቆጮውን ቆርሳ ከጎመኑ ጋር አጎረሰችው። እያላመጠ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ጠበቃት። ሁለተኛውን ለራሷ ጎረሰች።

አባቷ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ አስጠጋላት።