ድልካ የማትታሸው ሙሽራ

«ጠላሽው ማለት ነው?» አሉ አክስቷ ዘሀቢያ፣ ከውስጥ የተቀረቀረውን የቆርቆሮ በር እየደበደቡ።

«እሱን ማን ጠላ? አትንኩኝ ነው ያልኩት!»

«ሙሽራ ድልካ ሳትታሽ ትዳራለች? የመተማ ሰው ምን ይለናል?»

ሩፊዳ ከበሩ ራቀች። ከሱዳን የተሻገረው ድልካ፣ ያ ሽታው ሰፈሩን የሚያካልል የሙሽራ ቅባት፣ በሳህን ተለውሶ ደጅ ይጠብቃታል። ሴቶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፤ ልብሷን አውልቀው ከአንገቷ እስከ እግሯ ሊያሿት ነው። ዘሀቢያ ደግሞ ነገር ማሳደር አያውቁም። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ ሳይጠይቅ ገና፣ «ልጅቱ እምቢ ብላለች» ብለው ወደ እጮኛዋ ወደ ሳጂድ ሱቅ ሰው ሰደዱ።

መስኮቱ በተዘጋው ክፍል ሙቀቱ እንደ ውሃ ከፍ እያለ የሚያንሳፍፋት መሰላት። ከቀሚሷ ስር የምትወትፈውን ጥጥ አወጣችና እጇን ግራ ደረቷ ላይ አኖረች። በቀኝ ጡት አለ፤ በግራ ቆዳና የጎድን አጥንት ብቻ። ከተወለደች ጀምሮ እንዲሁ ነው። ዓይኗን ስትጨፍን የበጋው ጓንግ ወንዝ ታያት፤ ውሃው ወደ አንድ ዳር ሸሽቶ፣ ሌላው ዳር ባዶ አሸዋ ሆኖ። እሷ አሸዋው ላይ ትሄዳለች፤ እግሯ ግን ዱካ አይተውም።

ጎንደር ያየቻት ሐኪም «ይሠራል» ብላታለች። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ግን ከሠርጉ ሳምንት ጋር ገጠመ። ዝም ብላ ብትዳርስ? ጥጡን እስከ መቼ ትወትፋለች?

በሩ ዳግመኛ ተንኳኳ፤ አሁን በቀስታ።

«ሩፊዳ» አለ ሳጂድ። ሴቶቹ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት አትታይም ብለው ሊመልሱት ቢሞክሩ፣ «በቆርቆሮ ምን ይታያል?» ብሎ አልፏቸው ነው። «ካልፈለግሽኝ ካንቺው ልስማ። አክስትሽ እንደሆኑ ነገር ያበዛሉ።»

«እሰማሃለሁ!» አሉ ዘሀቢያ ከጓሮ።

ሩፊዳ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። ቆርቆሮው ይፋጃል። የራሷ ሹክሹክታ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ መሰላት።

«ሳጂድ፣ ግራ ጡት የለኝም። ከተወለድኩ ጀምሮ። ጎንደር ሐኪም አለች፤ ከጀርባዬ ጡንቻ አንስታ፣ ወደ ፊት አዙራ ትሠራልኛለች። ሠርጉን ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ብናደርገው... ይህን ሰምተህ ብትሄድም አልቀየምህም።»

  በበሩ ስር የሚታየው የጫማው ጥላ አልተንቀሳቀሰም።

ሳጂድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጀርባሽንስ በምን ሊሞሉት ነው?»