በልጆች ፊት አይበላም

እኔ የሠራሁትን ምግብ የሚንቅ ሰው አይጥመኝም፤ ያውም ገና የሁለት ዓመት ሰው!

በዚህ የሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤት ስገባ ስወጣ ፀጉሬ ሸብቷል። ምስሩን ከካሮት ጋር አድቅቄ፣ እንቁላሉን ፈርፍሬ፣ ጎመኑን ድንች ውስጥ ደብቄ ያላበላሁት ልጅ አልነበረም። ይቺ አዲስ የመጣችው ግን ሰኞ አፏን ጥርቅም፣ ማክሰኞም ጥርቅም! «እመቤት» ብዬ ስም አወጣሁላት። ሞግዚቶቹ ከበዋት ይለማመጣሉ፦ «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንዴ ብቻ!» አንዷ ታጨበጭባለች፣ ሌላዋ ትዘፍናለች። እመቤት ቀና ብላ አንድ በአንድ ታየንና ሳህኑን በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች።

እናቷ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ልጅ እግር ሴት ናት። ሐሙስ ልትወስዳት ስትመጣ እንባዋ ቀደማት።

«እትዬ፣ ቤት እኮ ከኔ ጋር ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። ነገም ካልበላች በምሳ ሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ። ሥራው በአፍንጫዬ ይውጣ!»

«ታዲያ በምን ልትኖሩ ነው?»

«እሱን እኔም አላውቀው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ዓርብ ሙያዬን ሁሉ አወጣሁ። ሩዝ በምስር፣ የበሰለ ዱባ፣ እንቁላል። ሌሎቹ ፊታቸው ዱባ በዱባ እስኪሆን በሉ፤ እመቤት ጥርቅም! ደሜ ፈላ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። እዚህ ቤት ልጆቹ በልተው ሳይተኙ አዋቂ አይቀምስም። ሕጉን ያወጣሁት ደግሞ ራሴ ነኝ፤ አንዷ ሞግዚት ለልጁ አንድ ማንኪያ፣ ለራሷ ሁለት ስታደርግ ይዣት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ቆመን እናበላለን፣ በኋላ ጓዳ ገብተን እንበላለን።

«አትበይም? ተይው! እኔ እበላዋለሁ!» ብዬ ለራሴ ጨለፍኩና ከአጠገቧ ካለችው ሚጢጢ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ወንበሯ ሲጥ አለች።

«እትዬ! ሕጉስ?» አለች አንዷ ሞግዚት።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ የኔ ግን የተናገርኩት ይጥፋ! ርቦኛል!»

ጎረስኩ። ወይ ጉድ፣ ሲጣፍጥ! በራሴ እጅ ተገርሜ ሳላምጥ አንዲት ትንሽ እጅ ከሳህኔ ላይ ዱባ አነሳች። እመቤት ናት። አፌን አየች፣ ዱባውን አየች፣ ጎረሰች። ደገምኩ፤ ደገመች። ለካ ነገሩ ወዲህ ነው! ቤት ከእናቷ ጋር እየጎረሰች የለመደች ልጅ፣ እዚህ ትልልቅ ሴቶች ቆመው ራሳቸው የማይነኩትን ምግብ «ብዪ» ሲሏት ምን ታስብ? እኔስ ብሆን መች እበላለሁ!

«ሳህን አምጡ፣ ሁላችሁም ቁጭ በሉ!» ብዬ ጮህኩ።

እናትየው ስትደርስ ሁላችንም በነዚያ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ እንበላለን። የእመቤት ጉንጭ ሞልቷል። እናትየው በሩን ተደግፋ ቀረች።

«ሥራሽን ለቀቅሽ እንዴ?» አልኳት።

«ስመለስ ለአለቃዬ ልነግረው ነበር።»

«ምን ሲደረግ! እንዳትነግሪው!»

ልጅቷ ተነስታ እናቷን በቀሚሷ ጎተተቻትና የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ማንኪያውን ሞልታ፣ ግማሹን መሬት ላይ አፍስሳ፣ ወደ አፏ አስጠጋችላት።

«ብዪ» አለቻት።

እናትየው በላች። እየሳቀች፣ እያለቀሰች በላች። «እሷ ጦሟን እየዋለች እንዴት ይወርድልኛል ብዬ፣ ሳምንቱን ምሳ የሚባል አልቀመስኩም» አለችኝ።

ሳህን ሞልቼ ፊቷ አስቀመጥኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስክትጠግብና ወደ ሥራዋ እስክትሮጥ ድረስ ማናችንም ከማዕዱ አልተነሳንም።