ፈረንጁ አረም ያለው ጫካ

ፈረንጁ ከቻይና አገር በመርከብ የመጣ ችግኝ በዝሆን አስጭኖ መንደራችን ደረሰ። ሻይ የሚባል ተክል ነው ብሎ አስረዳን። እኛን! ጡት ሳንጥል ሻይ የጠጣነውን የሲንግፎ ጎሣ ልጆችን!

መትከያ ሲፈልግ ዓይኑ ያረፈው አባቴ ዛው ናው ከአባቱ በወረሰው ጫካ ላይ ነው። የሻይ ዛፎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ቅጠላቸውን የምንለቅመው ዝሆን ጀርባ ላይ ቆመን ነው።

"ይሄ አረም ይመንጠር" አለ።

አባቴ መጥረቢያ የያዙት ሰዎች ፊት ሄዶ ተገተረ። "መጀመሪያ እኔን!" አላቸው። ፈረንጁ ተነጫንጮ ችግኙን ከጫካው ማዶ ተከለ። ከዚያማ እንደ ጨቅላ ሲያባብለው ከረመ፤ ዳስ ሠራለት፣ ውሃ በማንኪያ ማጠጣት ነበር የቀረው። ክረምታችን ሲገባ የችግኙ ሥር በሰበሰ። እኔና እህቶቼ ጠዋት ጠዋት እየሄድን የሞተውን እናይና እንስቅ ነበር። እንዲህ ያለ ደንቆሮ በእግሩ መጥቶልን ለምን አንስቅም?

ፈረንጁ ያመጣው ፉንግ የተባለ ቻይናዊ የሻይ ባለሙያ ግን አይስቅም። አንድ ቀን ቤታችን ሲመጣ፣ በቀርከሃ ውስጥ ጠቅጥቀን ምድጃ ላይ ያጨስነውን ሻይ ቀዳሁለት። ጠጣና ፊቱ ተለወጠ።

"ሮይ፣ ይሄን ለእሱ እንዳታቀምሺው።"

"ምነው? ይፈር እንጂ!"

"የለም እህቴ። አረም ነው እንዳለ ይቅር።"

ፈሪ ነው ብዬ ናቅሁት።

ዳግም ያስመጣው ችግኝም ባለቀ ሰሞን ፈረንጁ ደጃችን ቆሞ ሠራተኞቹን ሲሳደብ ስድቡ ለእኛም ተረፈ። "እናንተ የጫካ ሰዎች ስለ ሻይ ምን ታውቃላችሁ?" አለ። አባቴ ቀርከሃውን መሰንጠቁን ቀጠለ። እኔ ግን አልቻልኩም። ሻዩን ቀድቼ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት።

"ቅመሳ፣ ጌታዬ!"

ቀመሰ። ደገመ። "ከየት የመጣ ነው?"

"ከአረሙ ነዋ!" አልኩት በአገጬ ወደ ጫካው እያሳየሁ። እህቶቼ በሳቅ ፈነዱ። እሱ አልተቆጣም። ዞሮ ጫካውን ለረጅም ጊዜ አየው።

በወሩ ጫካው የእሱ ነው የሚል ወረቀት ይዞ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ተመለሰ። አንድም ዛፍ አልተቆረጠም፤ ዙሪያውን በሙሉ ታጠረ።

ትናንት አባቴን በአጥሩ ሾልኮ ገብቶ ቅጠል ሲለቅም ያዙት። የፊጥኝ አስረው በደጃችን አሳለፉት።

"ምን ልትሰርቅ ገባህ፣ ሽማግሌ?" አለው ዘበኛው።

"አረም ልነቅል" አለ አባቴ።

ዘበኛው ሳቀ። አባቴ ግን ሲመልስለት የሚያየው እኔን ነበር።