የተኛ ሰው የምትይዝ መኪና

መኪናዋን የገዛኋት የኋላ ወንበሯ ስለሚታጠፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእሷ የተሻሉ የሚሸጡ መኪኖች ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን ሰው ተኝቶ አይሄድባቸውም። የባለቤቴ እናት እማማ የብርጓል ደግሞ መቀመጥ አይችሉም። በአንድ ክረምት፣ በሚኖሩባት በሮብ ገበያ ከተማ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻው አሸ፣ አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ሆስፒታል እንውሰድዎ ስንል እምቢ አሉ። አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጠመና ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በጀርባቸው ወይም በግራ ጎናቸው ሆነ።

ከእኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጃቸውን መቃብር ማየት።

ባለቤቴ አማረ የተቀበረው ሉማሜ ነው። ታሞ ወደ አዲስ አበባ ስወስደው መንገድ ተዘጋና እዚያ አደርን። በማግስቱ ወደፊት መሄድም ወደኋላ መመለስም ሳንችል አረፈ። ስሙን እንኳ የማያውቁ የሉማሜ ሰዎች መቃብር ቆፈሩለት፣ ቄስ ጠሩለት፣ እኔን በሁለት በኩል ደግፈው አቆሙኝ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እናቱ የሰሙት ከቀብሩ በኋላ ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ዛሬ ነገ ሲባል፣ አንዴ አጨዳ ሲደርስ፣ አንዴ ሰላም ሲጠፋ፣ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ወደቁ።

መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ሮብ ገበያ ሄጄ ርዝመታቸውን በገመድ ለካሁ። ከእግራቸው ጀምሬ ወደ ራሳቸው ስሄድ ዓይናቸውን ከፍተው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ለሳጥን ነው?» አሉኝ።

«ለመኪና ነው፣ እማማ።»

«ለመኪና ከሆነ እግሬን አጠፍልሻለሁ። ለሳጥን ከሆነ ግን ሰፋ አርጊልኝ፣ ኋላ ጠበበኝ ብዬ ለማን እናገራለሁ?»

አብሯቸው የሚኖረው ታናሹ ልጃቸው ሙላት አያሟርቱ ብሎ ተቆጣ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ሲስቁ ዳሌያቸውን አመማቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወደ ግድግዳው እንደዞሩ፣ ከአማረ መቃብር ራስጌ ቆሞ ምን እንደሚታይ ጠየቁኝ። ባሕር ዛፍ አለ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ አስፋልቱ ይታያል አልኳቸው።

«መኪናው ሁሉ ሲያልፍ ይሰማል በይኛ።»

«አዎ፣ ይሰማል።»

«ጫጫታ አይወድም ነበር» አሉ።

መኪናዋ የአብዱልአሊም አባት ንብረት ነበረች። አብዱልአሊም ከተማችን ውስጥ የሕንጻ መሣሪያ ይሸጣል። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ በዚህች ስቴሽን ዋገን ጣቃቸውን ጭነው ገበያ ለገበያ ሲዞሩ የማያውቃቸው አልነበረም። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ጥግ ቆማለች። ሸራውን ሲገልጥልኝ የፊት ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋ አገኘናት። አብዱልአሊም አልሸጥም ማለት ፈልጎ እንደነበር ከፊቱ ያስታውቃል። ለምን እንደፈለግኋት ስነግረው ቤት ገብቶ ቁልፉን ይዞ ወጣ።

«አይናለም፣ አባቴ ቢኖር አማትሽን ራሱ ወስዶ በነፃ ያደርስልሽ ነበር» አለኝ። «እኔ እንደሱ አይደለሁም፣ እሸጥልሻለሁ። ጎማውን ግን ከእኔ ቁጠሪው። ዶሮዋ እስክትፈለፍልም ታገሽኝ።»

ታገስኩ። ከዚያ በሌላ መኪና አስጎትተን ወደ ሮብ ገበያ መውጫ ላይ ወዳለው የደርቤ ጋራዥ ወሰድናት።

ደርቤ ሞተሩ ያረጀ እንጂ የሞተ አይደለም አለ። የሞተው ቱርቦው ነበር። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ነገር ነው፤ አየሩ በሳሳበት እንደኛ ባለ ደጋ ደግሞ ያለ እሱ ዳገት መውጣት ጭንቅ ነው። ደርቤ ቱርቦውን ዘግቶ እንደ ተራ ናፍጣ ሊያስነዳት ፈለገ። በአንድ ሳምንት ትወስጃታለሽ አለኝ። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ዘግቶ መንዳት እንደሚቻል አውቃለሁ። ነገር ግን ወደ ሉማሜ መውረድ ብቻ ሳይሆን ወደ ሮብ ገበያ መመለስም አለ። የተሰበረ ሰው ከኋላ አስተኝቼ ዳገት መሃል ሞተሩ ሲያቃስት፣ ማርሽ ሲቀየር እሳቸው ሲናጡ ታየኝ። ቱርቦው ይሠራ አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ሳምንት ይልቅ የክረምቱን መውጫና ጥቅምትን በሙሉ ወሰደ።

መለዋወጫው ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። ተገዛ፣ ተጫነ፣ መንገድ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ተመለሰ። እንደገና ተጫነ። እስኪመጣ ድረስ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋራዥ እየሄድኩ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እፍቅ ነበር። ምንጣፉን አጠብኩ። በገመዱ ልክ ፍራሽ አሠርቼ ልብስ ሰፋሁለት። ደርቤ መኪናዋን አሮጊቷ ነበር የሚላት። አሮጊቷ ዛሬ አስነጠሰች፣ አሮጊቷ ናፍጣ አማራት፣ አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት ትነጫነጫለች። የኋላ ሞላዎቿን የቀየረ ዕለት ከሥሯ ወጥቶ ዘይት የነካ እጁን እየጠረገ፣

«የዚችን ዳሌ አቃናሁልሽ፣ መምህርት» አለኝ። «ያ ወጌሻችሁ መጥቶ ይማር።»

ሳቅሁ። ጋራዡ ውስጥ መሳቅ አይከብደኝም ነበር። እቤት እንደዚያ አልነበርኩም።

ማታ ማታ ሙላት ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ ያደርግልኝና መኪናዋ የደረሰችበትን እነግራቸዋለሁ። ስለ ቱርቦው አስረዳኋቸው። ትንፋሽ የሚቀጥል ነገር ነው ስላቸው እኔም ቢኖረኝ አሉ። በመጨረሻው ሰሞን ንግግራቸው አጠረ። እሺ፣ እሺ፣ ብቻ ይላሉ። ኔትወርኩ መሰለኝ።

ቱርቦው የመጣው ረቡዕ ነው። ደርቤ ያንኑ ዕለት ገጠመው። ማታ ላይ ሞተሩ ተነሣና ደርቤ ነዳጅ ሲሰጠው ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ የማይቆራረጥ። ደርቤ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ቅዳሜ እንወስዳቸዋለን ተባባልን። ለሙላት ስደውል አላነሣም። ኋላ ራሱ ደወለና እማዬ ተኝታለች አለኝ። ነገሩን ንገርልኝ አልኩት። እሺ አለ።

ሐሙስም ተኝታለች አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ጋራዥ ስደርስ የፊት ጎማዎቹ ተፈትተው መኪናዋ በድንጋይ ላይ ቆማለች። ደርቤ ፍሬኑን አላመንኩትም አለ። በዚያው ሳምንት ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ነድቶ ያመሰገነው ፍሬን ነው። ቅዳሜ አትደርስ ይሆናል አለኝ።

«መኪናዋ ትንሽ ትቆይ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «መኪናዋ የትም አትሄድም።»

መኪናዋ አለ። አሮጊቷ አላለም።

በዚያ ሰዓት ሱቁን ትቶ የማይወጣው አብዱልአሊም ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር። ገብቶ የመኪናዋን ጣራ በእጁ ዳሰሰና ምሳ በልተሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በልቻለሁ አልኩት። ጥሩ፣ ጥሩ አለና ሄደ። ማታ ጎረቤቴ ጥሩብርሃን ጋቢዋን በክንዷ ይዛ መጣች፤ ለቁንጫ መድኃኒት ስለረጨች እኔ ዘንድ ማደር እንዳለባት ነገረችኝ። ቤቷ ሲሚንቶ ነው። ቁንጫ ገብቶበት አያውቅም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። የዶርም ጓደኞቼ እናትሽ ትንሽ አሟታል ብለው ሻንጣዬን ራሳቸው አዘጋጁ፤ ሁለቱ እስከ ቤቴ አብረውኝ ተጓዙ። መንገዱን ሁሉ ሙዝ ይልጡልኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። የሚነግረው ሰው በእግሩ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎሕ ሳይቀድ። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ አፉን መያዙም እንደ ምግባር ይቆጠርለታል። እኔም ለሌሎች እንደዚያ አድርጌ አውቃለሁ።

አርብ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ጠዋት ጋራዥ ሄድኩ። ጎማዎቹ አሁንም እንደተፈቱ ናቸው። ደርቤ ከመኪናዋ ሥር ተኝቷል፤ ምንም እየሠራ አልነበረም። መፍቻውን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተጋድሟል። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«መቼ ተቀበሩ?» አልኩት።

መፍቻውን ከደረቱ አንሥቶ መሬት ላይ አኖረ።

«መምህርት፣ እኔ መካኒክ ነኝ» አለኝ። «ከኔ አፍ አታውጪው። እባክሽ።»

«መኪናዋን የፈታሃት ሙላት ብሎህ ነው?»

«ካለቀች ብቻዋን ነድታ ትመጣለች አለኝ። መንገድ ላይ ለቅሶ ደራሽ አግኝቷት ትሰማለች፣ መሪ ይዛ። እኔስ ምን ልበለው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ይመጣሉ። እንዳልሰማሽ ሁኚላቸው።»

ሆንኩላቸው። እቤት ገብቼ ታጠብኩ፣ የልጆቹን ፈተና አረምኩ፣ ጥሩብርሃን የሠራችውን ወጥ በላሁ። ስተኛ ጥቁር ልብሴን ወንበሩ ላይ አላወጣሁም፤ ሲገቡ ካዩት ያፍራሉ። የግቢውን በር ግን አልቀረቀርኩትም። ሳይነጋ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ሙላት ከፊት ነበር፣ ጋቢውን ወደ ታች አጣፍቷል። ከኋላው ሽማግሌዎች፣ አብዱልአሊም፣ ደርቤ። ሙላት አፉን ከፍቶ መጀመር አቃተው። እንዲቀልለው ብዬ ቀድሜ ተነሣሁ።

የሞቱት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ በዚያው ዕለት ተቀበሩ። የሮብ ገበያ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ቢነግሩኝም አልደርስም። አማቷ ቀብር ሳትደርስ ቀረች እንዳይባልብሽ፣ ብቻሽን ሰምተሽም እንዳትወድቂ ብለን ነው አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምይዝበትም ነገር አጣሁ።

ደርቤ ጎማዎቹን አስሮ መኪናዋን በራፌ ላይ አቆመ። ለቅሶ የምንሄደው በእሷ ሆነ። እሱ ነዳ፣ እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ሙላትና ጥሩብርሃን ከኋላ። ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ። መኪናዋ አላቃሰተችም። ከፊታችን የሚንቀራፈፍ የጭነት መኪና አልፋ ሄደች። ደርቤ ደስ እንዳለው እንዳይታይበት ወደ ጎን ይመለከት ነበር።

ሙላት ከኋላ ሆኖ መናገር የጀመረው ዳገቱ መሃል ነው። እናቱ በመጨረሻው ሰሞን ልክ እንዳልነበሩ፣ ይህንንም ከእኔ እንደደበቀ ነገረኝ። የሆነ ነገር እንደቀረው ስለታወቀኝ ወደ ኋላ ዞርኩ።

«አማረ ነው የሚያመጣት ትል ነበር» አለኝ። «መኪናዋን። ‹አይናለም አጥባ ትሰጠዋለች፣ እሱ ይነዳታል› ትላለች። መሞቱን ረስታው ነበር፣ እትዬ።»

«እናንተስ ምን አላችኋቸው?»

«እየመጣ ነው አልናት።»

ወደ ፊቴ ዞርኩ። በሁለቱም በኩል ያልታጨደ ስንዴ ነበር። መኪናዋ በጊዜ አልቃ ቢሆን፣ እማማ የብርጓል ከኋላ ተኝተው መሪው ላይ ማን እንዳለ አንገታቸውን አቅንተው ያዩ ነበር። እኔ ደግሞ ሉማሜ ወስጄ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አድርሼ፣ እንደ አዲስ መርዶ ልነግራቸው ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት ብትደርስስ ብዬ አሰብኩ። ከሁለት ሳምንትስ? እስከ የትኛው ቀን ድረስ የአማረን መሞት ያውቁ እንደነበር ሙላትን ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

ከቤታቸው ፊት ድንኳን ተጥሏል። መኪናዋ ስትቆም ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡና በመስታወቱ በኩል እኔን እያዩ ቆሙ፤ ለቅሶው እኔ ስወርድ ነው የሚጀመረው። ደርቤ እጁን ወደ ቁልፉ ሰድዶ መለሰው። አፈረ።

«ዳገት የወጣ ቱርቦ በአንዴ ካጠፉት ውስጡ ያለው ዘይት ያርርበታል» አለኝ በሹክሹክታ። «ትንሽ ሠርቶ መብረድ አለበት። ግን ላጥፋው፣ ግድ የለም።»

«ሰው ቆሞ እየጠበቀ» አለ ሙላት።

«ትቆይ» አልኩ።

ቆየች። ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፣ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ እጇን ለደረቷ አንሥታ እንደያዘች ነው። ማንም አልተቆጣም። ጉልበቴ ላይ ያለውን እጄን አየሁ፤ የዝገቱ ቀለም ጥፍሬ ሥር ቀርቷል። የማስበው ነገር ፈልጌ ምንም አላገኘሁም።

ደርቤ ጆሮውን አዘንብሎ ቆየና፣

«አሁን ይበቃል» አለ።

አጠፋው። በሩን ከፈትኩ።