ግራጫው ወረዳ

ሰውዬውን በመሥሪያ ቤቱ «ባለካርታው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ሙገሳ መስሎት ደረቱን ይነፋል። ሥራው የትኛው ወረዳ ምን እንደሚያበቅል በካርታ ማሳየት ነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት ግድግዳውን የሸፈነ ካርታ ተለጥፏል፤ ስንዴ የሚዘራው ወረዳ ቢጫ፣ ድንቹ ቡኒ፣ ሱፉ ብርቱካንማ። በእሱ ቤት የሰብል ስብጥር ማለት ይኸው ነው፤ ካርታው ላይ ቀለም ከበዛ አገሩ ብዙ ዓይነት ሰብል አመረተ ይባላል።

አንድ ወረዳ ግን ዓይኑን ይወጋዋል። እዚያ ገበሬው በአንድ ማሳ ላይ በቆሎውን፣ አደንጓሬውን፣ ዱባውን፣ ጎመኑን፣ ሽንኩርቱን አደባልቆ ነው የሚዘራው። አንዱ ከሌላው ስለማይበልጥ ለወረዳው የሚሰጥ ቀለም ጠፋና «ያልተለየ» ተብሎ ግራጫ ተቀባ። እንግዲህ ፍረዱ! ሁሉ ያለበት ወረዳ ምንም እንደሌለበት ተቆጠረ። ይባስ ብሎ ወረዳው የባለካርታው የትውልድ ቦታ ነው፤ እናቱ ዛሬም እዚያው ያርሳሉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው መቼም፤ ከእነዚያ አስተዋይ ሴት ይሄ መውጣቱ!

አንድ ቀን የቢሮው ኃላፊ ካርታው ፊት ቆመና ጣቱን ግራጫው ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ነገር ያሳፍራል። ይህን ያጠፋልኝ ሰው ምክትሌ ይሆናል» አለ።

ባለካርታው ልቡ ቆመ። በማግስቱ የቢሮውን መኪና አስነስቶ እናቱ ዘንድ ከተፍ አለ።

«እማዬ፣ ዘንድሮ ወረዳው በሙሉ ሽንኩርት ብቻ ነው የሚዘራው።»

«ሽንኩርት ብቻ? በሽንኩርት ብቻ ማን ጠገበ?»

«ትሸጪውና ሌላውን ከሌላ ወረዳ ትገዢያለሽ። ስብጥሩ እኮ ካርታው ላይ አለ፤ በየማሳው ምን ያደርጋል?»

«ቢበሰብስስ?»

«ባለሙያው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለና መልሶ ደግሞ ድምፁን አለሰለሰ። «የገዛ እናቴ እምቢ ካለችኝ ማን ይሰማኛል? ዕድሌን ልትዘጊብኝ ነው?» ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ይሄ ሪዛም ጎልማሳ! አይ አለማፈር!

የእናት አንጀት ነውና ተሸነፉ። «እሺ፣ ማሳውን ውሰድ። ዘሬን ግን አልሰጥህም» አሉ። ጓዳቸው ጣሪያ ላይ የዘር ቅሎች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው ውስጥ ያለው ጠቃጠቆ አደንጓሬ ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ ከዚያ ወረዳ ውጪ የትም አይገኝም። «ሽንኩርትህ ያልፋል፤ ያኔ መልሼ እዘራታለሁ» አሉት። ጎረቤቱም «እሷ ልጇን ካመነች እኛ ማን ነን?» እያለ ማሳውን ለሽንኩርት ገለበጠ።

ካርታው አማረ። ግራጫው ሐምራዊ ሆነ፤ ባለካርታውም ምክትል ተባለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ፤ ይሄኛው የእናቱን ማሳ አጥቦ ተጨበጨበለት።

ሽንኩርቱ ሊነቀል ሲል ዝናቡ አላቆም አለ። አንዱ ማሳ መበስበስ ሲጀምር ሁሉም ተከተለው። ድሮ ቢሆን ዝናብ ሽንኩርቱን ቢወስድ ዱባው ይወፍራል፤ ፀሐይ በቆሎውን ብትመታ ሌላው ይተርፋል፤ አንዱ ያጣውን ከጎረቤቱ ይበደራል። አሁን ምን ይበደር? የበሰበሰ ሽንኩርት? የሚሸጥ ስለጠፋ ከሌላ ወረዳ የሚገዛበትም አልነበረም። በመንደሩ የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው።

ባለካርታው ሹመቱን ሊያበስር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እናቱ ሳህን ሙሉ የተቀቀለ አደንጓሬ አቀረቡለት። «አንቺስ?» ሲላቸው «በልቻለሁ» አሉ። እሱም ደግሞ አልጠየቀም። ጠራርጎ በላ፣ አስጨመረ፣ አፉን እየጠረገ፣ «አየሽ፣ ሰው ይጮኻል እንጂ የተራበ የለም» አለ። እናቱ ሳህኑን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ከላይ አዲስ መመሪያ ወረደ። ከእንግዲህ ስብጥር የሚለካው በካርታ ቀለም ሳይሆን እያንዳንዱ ገበሬ ማሳው ውስጥ ባለው የሰብል ዓይነት ነው ተባለ። ኃላፊው ምንም እንዳላለ ሰው፣ «ያ ግራጫ ወረዳ የታለ? ሀብታችን እኮ እሱ ነበር! ማነው ያጠፋው?» ብሎ ጮኸ። ባለካርታውንም የዘር ወቅት ሳያልፍ እንደ ድሮው ካላስዘራህ ወንበርህን ልቀቅ አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ውሸት! ወንበሩ ሲነቃነቅበት እንዴት አድርጎ ነው የሚለቀው!

ባለካርታው እየበረረ እናቱ ጓዳ ገባ። ሰላምታም አልሰጠ። ተንጠራርቶ አንዱን ቅል አወረደና ነቀነቀው፤ ድምፅ የለም። ሁለተኛውንም አወረደ፤ እሱም ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ዘሩስ?»

«ተበላ።»

«ምን ማለት ነው ተበላ? ዘር ይበላል እንዴ?»

«ሲርብህ ዘር ነው እህል ነው ብለህ አትመርጥም።»

«ጎረቤትስ? ከጎረቤት አይጠፋም።»

«እነሱማ ልጆች አሏቸው፤ ቀድመውኝ ጨረሱ። እኔም በቆሎውን በላሁ፣ የዱባውን ፍሬ ቆላሁ። አደንጓሬዋን ግን ጦሜን እያደርኩ አልነካኋትም ነበር። የወረዳው ዘር እሷው ብቻ ነበር የቀረችው።»

«ታዲያ ማን በላት?» ብሎ አንባረቀ።

እናቱ ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«አንተ ነሃ። ሹመትህን ልታበስረኝ የመጣህ ዕለት። ልጄ ደጄ መጥቶ ባዶ ሆዱን ልሸኘው? ሌላ ምን ነበረኝ?» አሉ። «ደግሞም አስጨመርክ።»

እናቱ ባዶውን ቅል ከእጁ ተቀበሉና መልሰው ቦታው ላይ ሰቀሉት።