የመቻል አራስ ቤት

አማቴ እማማ አስካለማርያም ውሻቸውን አረሷት። ቀልዴን አይደለም። ጓዳው ጥግ የበግ አጎዛ አነጠፉላት፣ የገብስ አጥሚት አፈሉላት፣ ብርድ እንዳይገባባት መስኮቱን በጆንያ ደፈኑላት። እኔ ትርሲትን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄጄ በመውለዴ አኩርፈው የነፈጉኝን ሁሉ ለውሻ ሲያደርጉ እያየሁ አልቀናሁም ብል ዋሸሁ።

እማማ አዋላጅ ነበሩ። አንኮበር ላይ ዛሬ ሚስት አግብቶ የሚንጎራደደው ሁሉ ወደዚህ ዓለም የገባው በእሳቸው እጅ ነው። አሁን ግን ምጥ የመጣባት ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምትሄደው፤ የእሳቸውን ደጅ የሚያንኳኳ የለም። ውሻይቱን መቻል ያሏትም ለዚሁ ነው፤ "መቻል! መቻል!" እያሉ በጠሯት ቁጥር ሰፈሩ እንዲሰማው። መቻል ስትወልድ ታዲያ ጎረቤቱ በአጥር ብቅ እያለ "እንኳን ማርያም ማረሽ!" ይላት ጀመር። እማማ አልሳቁም። "ሴት ናት፤ አምጣለች" አሉና አጥሚታቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

ባሌ ደሳለኝ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ስለሚሠራ፣ ቤት ያለነው እማማ፣ እኔና ትንሿ ልጄ ትርሲት ነን። ትርሲት ከቡችሎቹ አትለይም። ዓይናቸው ሳይገለጥ ለሁሉም ስም አውጥታላቸው ነበር።

ዓይናቸው በተገለጠ ሰሞን መቻል ተለወጠች። ቡችሎቹ ጡቷን ሲፈልጉ ትነሣባቸዋለች። አጎዛውን ቦጫጭቃ ጣለችና ከጎተራው ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ ተሸጎጠች። ጩኸቷ ሻክሮ የሌላ ውሻ ድምፅ መሰለ። አጥሚቱን አሽትታ አሽትታ መዋጥ ያቅታታል፤ ለሃጯ በአገጯ ይወርዳል።

"እማማ፣ ይቺ ውሻ ደህና አይደለችም" አልኳቸው።

"አራስ አይደለች እንዴ! አራስ ትነጫነጫለች። አንቺስ ስንት ቀን ስትነጫነጪ ከረምሽ?"

"ለሃጩስ?"

"ምች ነው። ትናንት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ ተኝታ ነበር። አራስ ፀሐይ ሲያገኛት ምች እንደሚመታት ላንቺ ማን ይንገርሽ?"

ስንቷን አራስ ከምች ያስነሡ ሴት ናቸውና አመንኳቸው። ለምች ዳማከሴ አሽቶ ጭማቂውን ማጠጣት እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። ከብቶቹን ውሃ ላጠጣ ወረድኩ። ስመለስ በጓዳው በር አየኋቸው። እማማ የውሻይቱን አፍ ከፍተው፣ እጃቸውን እስከ አንጓቸው ሰደው ዳማከሴ ይጨምቁባታል፤ ልጄ ደግሞ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛላቸዋለች። መቻል አልነከሰችም። መንጋጋዋ ተንጠልጥሎ ቀርቶ መንከስ የምትችልም አትመስልም። ለሃጩ ግን በትርሲት ጣቶች መሃል ይንጠባጠባል። የአንኮበር ብርድ የልጅን እጅ እንዴት እንደሚሰነጣጥቅ የሚያውቅ ያውቃል። የልጄ እጅ ደም ያዘለ ስንጥቅ ነበር፤ የእማማም እንደዚያው።

"ልቀቂያት!" ብዬ ጮህኩ።

"ኧረ ቀስ! አራስ ታስደነግጫለሽ" አሉ እማማ።

በማግስቱ መቻል የኋላ እግሯ ከዳት። ቀኑ ሳይመሽ ሞተች።

ከአሊዩ አምባ ሽንኩርት እየጫነ የሚመጣው ነጋዴ ዓወል የደረሰው ገና ሬሳዋ ሳይነሣ ነው። መሞቷን ስነግረው ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ ስለ ለሃጯና ስለ መንጋጋዋ ስጨምርለት ግን ፊቱ ተለወጠ።

"እርጉዝ ሳለች አህዮቼን ተከትላ ቆላ ወርዳ አልነበር?" አለ። "ያኔ ገበያው ውስጥ ያበደ ውሻ አፍንጫዋን ቦጭቋት ነው የተመለሰችው። ውሻውን ገደልነው። የእሷን ግን፣ ወላሂ፣ ጭረት ናት ብዬ ናቅኋት።" አፉን በመዳፉ ያዘ። "ማን ነካት?"

"እማማና ትርሲት።"

"ያ አላህ! አሁኑኑ ተነሡ። መኪና ፈልጌ ደብረ ብርሃን አደርሳችኋለሁ።"

እማማ ከጓዳ አልወጡም። ቡችሎቹን ቀሚሳቸው ላይ ደርድረው ጥጥ በወተት እየነከሩ ያጠባሉ።

"ነከሰችኝ? አልነከሰችኝም" አሉ። "ለስንት አራስ ያዘዝኩትን መድኃኒት ነው የሰጠኋት። አራሴን እብድ እያላችሁ ስሟን አታጥፉ። ደግሞስ እኔ ብሄድ እነዚህን ማን ያጠባቸዋል?"

ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም። ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን ትርሲት መርፌዋን ስትወጋ ነርሷ እጇን አገላብጣ አየችውና፣ "ለሃጩ ስንጥቅ ላይ መግባቱ ይበቃል፤ መነከስ የለባትም" አለችኝ። "አሮጊቷንም ዛሬ ነገ ሳትዪ አምጫቸው። በሽታው አንዴ ከተነሣ መድኃኒት የለውም። ውሃ መሸሽ የጀመረ ሰው አይድንም። ያን ጊዜ ደግሞ የእሳቸው ምራቅም ያስፈራል።"

ለመንኳቸው። ደሳለኝ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ እምቢ አሉ። ከጤና ጣቢያ የመጣውን ልጅ በጠላ አስክረው፣ መርቀው ሸኙት፤ አፈር ስሆን ብሎ ሊያስከትባቸው የመጣው ልጅ እየዘፈነ ወጣ። ቡችሎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። የመጨረሻዋን ራሳቸው ቀብረው ሲመለሱ፣ "የገደላቸው ረሃብ ነው። እኔ ይኸው፣ ምን ሆንኩ?" አሉኝ።

ትርሲት ክትባቷን ጨረሰች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እማማ ጠላ ባነሡ ቁጥር ጉሮሯቸውን አያለሁ። ሲወርድ ተመስገን እላለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አያለሁ። እንዲህ ሆነን ክረምቱ ገባ።

ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንደሩን በዋጠበት አንድ ከሰዓት፣ ትርሲት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሳለች፣ በራችን ተንኳኳ። እማማ ከጠዋት ጀምሮ ጠላቸውን አልነኩም ነበር፤ ጣታቸውን ሲያሹ፣ ሲያኩ ነው የዋሉት። ብከፍት የእርጉዟ ፀደንያ ባል፣ ጎረቤታችን ሰይፈሥላሴ ነው፤ ነጠላ ጫማው ካንድ እግሩ ወልቋል።

"እማማ አሉ? ፀደንያ ምጧ ጠንቷል። አምቡላንሱ በጉሙ የተነሣ መንገድ ላይ ቆሟል። እባክዎ ይድረሱልኝ፣ እማማ!"

እማማ እንደ ኮረዳ ብድግ አሉ። እንደዚያ ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም። የተጠቀለለች ጨርቃቸውን ከሣጥን አወጡ፤ ክሩም፣ ቅቤውም እንደተዘጋጀ ነው የኖረው።

"ነይ፣ ጥሩዬ፣ እጄን አስታጥቢኝ፤ ቶሎ በይ።"

ጆጉን አነሣሁና አዘነበልኩት። ውሃው ገና ሳይነካቸው አንገታቸው ተገተረ። ጉሮሯቸው ተኮማተረ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት። ራሳቸውን አስገድደው መልሰው ዘረጉት፤ አሁንም ሰበሰቡት። ከዚያ ጆጉን በክርናቸው መትተው ከእጄ ጣሉት።

"ቀዝቅዞብኝ ነው" አሉ። ዓይኔን ግን አላዩትም።

እነዚህ እጆች ፀደንያ ጋ ሊሄዱ ነው አልኩ። ዘልዬ ወጣሁና በሩን ከውጭ ስቤ መቀርቀሪያውን ጣልኩት።

"እማማ አይመጡም" አልኩት ሰይፈሥላሴን። "ጤና ኤክስቴንሽኗን ጥራት። ሩጥ!"

"ሚስቴ እየሞተች ነው እኮ! ምን ዓይነት አረመኔ ነሽ?"

"ሩጥ አልኩህ!"

ሊገፈትረኝ አንድ እርምጃ መጣ። ከዚያ ሌላ መንገድ እንደሌለው ገባውና እየሰደበኝ ወደ ጉሙ ሮጠ።

እማማ በሩን ከውስጥ ሲገፉ በጀርባዬ ተሰማኝ። ይጮሃሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ድምፃቸው ሻካራ ሆኖ፣ ግን ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፤ ልጅ አባብለው እንደሚያስተኙ።

"ክፈቺልኝ፣ ጥሩዬ። ጠሩኝ እኮ።"

መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። እሳቸውም ደጋግመው ያንኑ አሉኝ።